የቆመ መኪና ባትሪ

ምዕራፍ ዘጠኝ

ከማንበባችሁ በፊት በቃል የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች

1. አንድ መኪና ለብዙ ሳምንታት ሳይነዳ ቢቆም ከዕቃዎቹ መካከል የትኛው አስቀድሞ ይጎዳል ብላችሁ ትገምታላችሁ?
2. «ሰውየው ከፈረሱ ወረደ» እና «ባትሪው ወረደ» በሚሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ «ወረደ» የሚለው ቃል ያለውን ልዩነት አስረዱ።

ምንባብ

ብዙ ሥራ የሚሠራበት ዕቃ ቶሎ ያልቃል፤ ያረፈ ዕቃ ግን ዕድሜው ይረዝማል የሚለው እምነት በብዙ ሰው ዘንድ የጸና ነው። ስለ ማረሻ፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ወፍጮ ድንጋይ ከሆነ እምነቱ እውነትነት አለው። የመኪና ባትሪ ግን ከዚህ ደንብ ይወጣል። በየቀኑ የሚሠራ ባትሪ የሰጠውን ኀይል በየቀኑ መልሶ ይቀበላል፤ የቆመ ባትሪ ግን እየሰጠ አይቀበልም። ከውጭ ለሚመለከተው ሰው ያረፈ ይመስላል እንጂ በውስጡ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይደክማል። ይህን ያልተገነዘበ ሰው የሚነቃው መኪናው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ነው።

በአንድ የገጠር ወረዳ የሚገኝ ጤና ጣቢያ ለምሳሌ ይወሰድ። ነገሩ በማንኛውም ወረዳ ሊደርስ የሚችል ስለሆነ የቦታው ስም አያሻም። ጤና ጣቢያው አንድ የመስክ መኪና አለው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ መንገዱም ይቆረጣል፤ ስለዚህ መኪናው ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ በግቢው ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሟል። ሾፌሩ ቸልተኛ ሰው አይደለም። የነዳጁን ጋን ሞልቷል፤ የጎማውን ነፋስ ለክቷል፤ መስኮቶቹን በጥንቃቄ ዘግቷል። ዘበኛውም ዝናብ ባባራ ቁጥር መስተዋቱን በጨርቅ ይወለውላል።

መስከረም 5 ቀን፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ አራት ገበሬዎች በቃሬዛ የተሸከሟትን ወላድ ይዘው ከበሩ ደረሱ። ምጡ ከጀመራት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ነርሷ መርምራ ስታበቃ ሴትዮዋ ያለ ቀዶ ሕክምና እንደማትገላገል፣ ስለዚህም በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መሄድ እንዳለባት ተናገረች። ወንዙ ጎድሎ መንገዱ ከተከፈተ ሦስት ቀን ሆኖታል። ሾፌሩ እየሮጠ መጥቶ ከመቀመጫው ገባና ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው አንድ ጊዜ አቃስቶ ዝም አለ። ደግሞ ሲያዞረው «ጠቅ» የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ ፊት ለፊቱ በርተው የነበሩት ትንንሽ መብራቶችም ደብዝዘው ጠፉ።

«ጋሼ፣ እንግፋው?» አለ ከገበሬዎቹ አንዱ።

«ግፉት እስቲ፤ ሌላ ምን መላ አለ!» ሲል ሾፌሩ መለሰ።

ስድስት ሰዎች ትከሻቸውን ሰጥተው ገፉት። በደረቅ መሬት ቢሆን ኖሮ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ጎማው ሞተሩን አዙሮ ያስነሣው ነበር። በጭቃ ላይ ግን ጎማው ተንሸራተተ እንጂ ሞተሩን ሊያዞረው አልቻለም። ሦስት ጊዜ ከሞከሩ በኋላ ተዉት። በመጨረሻም ከግብርና ጽሕፈት ቤት መኪና ላይ ባትሪ ተፈትቶ በሰው ትከሻ እስኪመጣ ድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል አለፈ። ነርሷ በዚያ ጊዜ ሁሉ ከቃሬዛው አጠገብ ተቀምጣ የሴትዮዋን የልብ ትርታ በየሩብ ሰዓቱ እየቆጠረች ትጽፍ ነበር። ከሾፌሩ ጋር አንድ ቃል እንኳ አልተለዋወጡም። ወላዷ ሆስፒታል የደረሰችው ጎሕ ሲቀድ ነው። እርሷም ልጇም ተርፈዋል።

ሾፌሩ በማግስቱ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ባትሪውን ሲመረምር ስብራት አላገኘበትም። ባትሪው የተገዛው ባለፈው መጋቢት ስለሆነ አላረጀም። ሌባም አልነካውም። ታዲያ በውስጡ የነበረው ኀይል የት ደረሰ?

መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ ባትሪ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በመኪና ውስጥ የሚገኘውን የእርሳስ ባትሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ ሳይንቲስት ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። ያን ጊዜ መኪና ገና አልተፈጠረም። መኪናም ከተፈጠረ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሞተሩ የሚነሣው በባትሪ ሳይሆን በሰው ክንድ ነበር። በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባው መኪና እንኳ ከፊቱ በኩል በሚሰካ የብረት እጀታ እየተዞረ ነበር የሚነሣው። እጀታው ድንገት ወደ ኋላ ሲመልስ የብዙ ሰው ክንድ ይሰብር ስለነበር ሥራው አደገኛ ነበር። ከዚህ የገላገለው አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1912 በካዲላክ መኪና ላይ ተገጥሞ ለገበያ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ የክንዱ ሥራ ለባትሪ ተላለፈ።

የተለመደው ባለ 12 ቮልት ባትሪ በስድስት ክፍሎች የተከፈለ ሣጥን ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከ2 ቮልት ጥቂት ከፍ የሚል ኀይል ይሰጣል። በክፍሎቹ ውስጥ ሁለት ዐይነት ዝርግ የእርሳስ ሰሌዳዎች ሳይነካኩ ተደርድረዋል። አንደኛው ንጹሕ እርሳስ ነው፤ ሌላኛው እርሳስና ኦክስጅን የተዋሐዱበት ቡናማ ነገር ነው። ሁለቱም በውኃ በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ተነክረዋል። ባትሪው ኀይል ሲሰጥ ከአሲዱ ውስጥ ሰልፌት የተባለው ክፍል እየወጣ በሰሌዳዎቹ ላይ ይለጠፋል፤ አሲዱም እየቀጠነ ወደ ውኃነት ያዘነብላል። ከዲናሞው ወይም ከሌላ መሙያ ኀይል ሲገባበት ደግሞ የተለጠፈው ሰልፌት ከሰሌዳዎቹ እየለቀቀ ወደ አሲዱ ይመለሳል። እንግዲህ ባትሪ እንደ ጋን ኤሌክትሪክ የሚጠራቀምበት ዕቃ ብቻ አይደለም። በውስጡ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ የኬሚካል ሥራ አለ።

ችግሩ የሚጀምረው ምልልሱ ሲቋረጥ ነው። በሰሌዳዎቹ ላይ አዲስ የተለጠፈ ሰልፌት ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይለቃል። ለሳምንታት ሲቆይ ግን እንደ ጨው ድንጋይ እየጠጠረ ይሄዳል። የጠጠረው ክፍል ኀይል ቢገባበትም አይለቅም፤ ሰሌዳውም በዚያው መጠን ከሥራ ውጭ ይሆናል። ስለዚህ ለአንድ ሌሊት መብራት በርቶበት የወረደ ባትሪና ለሁለት ወር ባዶውን የቆመ ባትሪ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ቢሞላ ብዙ ጊዜ ወደ ጤናው ይመለሳል። ሁለተኛው ቢሞላም እንኳ የቀድሞ ጉልበቱን ላያገኝ ይችላል። ብዙ ሰዎች አዲስ ባትሪ ገዝተው በዓመቱ ሲጥሉት ነጋዴውን ይወቅሳሉ። ወቀሳው ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ባትሪውን የገደለው ባዶውን መቆሙ ነው።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያው መኪና እንመለስ። ኀይሉ የወጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ባትሪው ከምንም ነገር ጋር ሳይታሰር እንኳ በራሱ የሚያጣው ነው። ጤነኛ ባትሪ በመለስተኛ ሙቀት በወር ውስጥ ከመቶ ከ3 እስከ 5 ያህል ኀይሉን በዚህ መንገድ ያጣል፤ ያረጀ ከሆነ ከዚያም በላይ። ሁለተኛውና ከፍተኛው ግን ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉም ተነቅሎ ሳለ የሚሠሩ ዕቃዎች የሚወስዱት ነው። ሰዓቱ ይቆጥራል። የመገናኛ ሬዲዮው የተሰጠውን ትእዛዝ እንዳይረሳ ጥቂት ኀይል ይስባል። የስርቆት መከላከያ ደወል ያለው መኪና ከሆነ ደወሉም ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቃል። እያንዳንዳቸው የሚወስዱት እጅግ ጥቂት ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም።

ጥቂቱ ሲደመር ምን ያህል እንደሚሆን በሒሳብ ይታይ። የጤና ጣቢያው መኪና ባትሪ 70 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ነው። ይህም ማለት ለምሳሌ 7 አምፔር የሚስብ መብራት ቢበራበት በግምት ለ10 ሰዓት ያህል ሊያበራ ይችላል ማለት ነው። ሰዓቱና ሬዲዮው በአንድነት የሚስቡት 0.03 አምፔር ነው እንበል። ይህን በ24 ሰዓት ስናባዛው በቀን 0.72 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ከሐምሌ 1 ቀን እስከ መስከረም 5 ቀን፣ ጳጉሜን 5 ቀን አድርገን ስንቆጥር፣ 70 ቀን ነው። 0.72 በ70 ሲባዛ ከ50 አምፔር ሰዓት ይበልጣል። ባትሪው በራሱ ያጣው ሲጨመርበት የሚቀረው ኀይል ከ70ው ውስጥ ከ10 እስከ 15 ቢሆን ነው። በዚህ ኀይል ትንንሽ መብራቶች ይበራሉ፤ ከመቶ አምፔር በላይ በአንድ ጊዜ የሚጠይቀውን ሞተሪኖ ግን ማዞር አይቻልም። ያን ሌሊት የሆነው ይኸው ነው። ባትሪውን ባዶ ያደረገው ሰባ ቀን ሙሉ ማንም ሳይመለከተው ሲቆጥር የኖረ ሰዓትና አንድ ሬዲዮ ነው።

የአገሩ ጠባይም ድርሻ አለው። ሙቀት በባትሪ ውስጥ ያለውን የኬሚካል ሥራ ያፋጥነዋል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ባትሪው በራሱ የሚያጣው ኀይል በግምት እጥፍ ይሆናል። በመሆኑም በአዲስ አበባ ወይም በደብረ ብርሃን ደጋ የቆመ ባትሪና በሰመራ፣ በጎዴ ወይም በጅቡቲ ቆላ የቆመ ባትሪ አንድ ዐይነት ዕድል የላቸውም። የቆላው ቶሎ ይወርዳል፤ ውኃውም እየተነነ ይጎድላል። ደጋው ግን ሌላ ፈተና አለው። በብርድ ጊዜ የሞተሩ ዘይት ስለሚወፍር ለማዞር የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል፤ ባትሪው ደግሞ በብርድ የሚሰጠው ጉልበት ያንሳል። በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ከዚህ የባሰ ነገር ይደርሳል። የወረደ ባትሪ አሲዱ ወደ ውኃነት ስለሚቀርብ ሊረጋና ሣጥኑን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ የሞላ ባትሪ ግን ብርቱ ብርድ ይችላል።

በሚከተለው ዓመት የሰኔ ወር ሲገባደድ ሾፌሩ አንድ ወጣት ረዳት ተመደበለት። ወጣቱ ያለፈውን ዓመት ታሪክ ሰምቷል።

«ጋሼ፣» አለ አንድ ጠዋት፣ «በየሳምንቱ ለአምስት ደቂቃ እያስነሣሁ ላሙቀው?»

«ሞተሩን ታሞቀዋለህ እንጂ ባትሪውን አትሞላውም፤» አለው ሾፌሩ።

ይህ የረዳቱ ሐሳብ ብዙ የመኪና ባለቤቶች የሚያዘወትሩት ስለሆነ ምክንያቱን መመልከት ይገባል። ሞተር ቆሞ በቀስታ ሲሠራ ዲናሞው የሚያመነጨው ኀይል አነስተኛ ነው። መብራት ወይም ማሞቂያ ከተከፈተ ደግሞ ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ባትሪም ቢሆን የሚሰጠውን ኀይል በአንድ ጊዜ አይውጥም፤ ቀስ እያለ ነው የሚቀበለው። የጤና ጣቢያው መኪና በሳምንት 5 አምፔር ሰዓት ያህል እንደሚያጣ ከላይ ካለው ሒሳብ መረዳት ይቻላል። ይህን ለመመለስ መኪናውን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በመንገድ ላይ መንዳት ያስፈልጋል። በአምስት ደቂቃ ማሞቅ ባትሪው ለማስነሻ ያወጣውን ቢመልስ እንጂ የሳምንቱን ዕዳ አይከፍልም። ከዚህም ሌላ ሞተሩ በሚገባ ሳይግል ሲጠፋ በጭስ ማውጫው ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፤ ቱቦውም ይዝጋል።

መንገድ ካለ ከሁሉ የሚሻለው በየሳምንቱ መንዳት ነው። በክረምት መንገድ ለተዘጋበት ጤና ጣቢያ ግን ይህ አይሆንም። ስለዚህ ሾፌሩ የመረጠው እጅግ ቀላሉንና ገንዘብ የማይጠይቀውን መንገድ ነው፤ ይኸውም ባትሪውን ከመኪናው ሽቦ መለየት። ይህ ሲደረግ ሰዓቱም ሬዲዮውም የሚስቡት ነገር ያጣሉ፤ የሚቀረው ባትሪው በራሱ የሚያጣው ብቻ ነው። በሰባ ቀን ውስጥ 50 አምፔር ሰዓት ያጣ የነበረው ባትሪ 7 ወይም 8 ቢያጣ ነው። ሰዓቱ ተመልሶ መሞላት አለበት፤ በአንዳንድ መኪና ላይም ሬዲዮው የምስጢር ቁጥር ይጠይቃልና ባለቤቱ ቁጥሩን አስቀድሞ ቢጽፈው ይበጃል።

ረዳቱ መፍቻውን አንሥቶ የመደመር ምልክት ወዳለበት የባትሪ ራስ ሲዘረጋ ሾፌሩ እጁን ያዘው።

«ቆይ ልጄ! የመቀነሱን ነው አስቀድመህ የምትፈታው።»

«ልዩነት አለው እንዴ ጋሼ?»

ልዩነት አለው። በአብዛኞቹ መኪናዎች የመቀነስ ምልክት ያለበት የባትሪ ራስ ከመኪናው የብረት አካል ጋር የታሰረ ነው። እርሱ ሳይፈታ የመደመሩን የሚፈታ ሰው መፍቻው ድንገት የመኪናውን ብረት ቢነካበት ኤሌክትሪኩ በመፍቻው በኩል በአጭሩ ይፈስሳል። መፍቻው በቅጽበት ይግላል፤ የእሳት ብልጭታም ይፈናጠራል። የመቀነሱ አስቀድሞ ከተፈታ ግን መፍቻው ብረቱን ቢነካም የሚፈስሰው ኤሌክትሪክ መንገድ የለውም። መልሶ ሲታሰር ተራው ይገለበጣል፤ የመደመሩ ይቀድማል፣ የመቀነሱ ይከተላል። ባትሪው ከመኪናው ሳይወጣ ለክረምቱ የሚለያይ ብቻ ከሆነ የመቀነሱን መፍታት ብቻውን ይበቃል።

ብልጭታው የሚያስፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። ባትሪ ሲሞላ፣ በተለይም ከልክ በላይ ሲሞላ፣ ከውስጡ ሃይድሮጅን የተባለ ጋዝ ይወጣል። ሃይድሮጅን ከአየር ጋር ሲቀላቀል በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። ስለዚህ ባትሪ የሚሞላበት ክፍል መስኮቱ የተከፈተ መሆን አለበት፤ ሲጋራ ማጨስና ክብሪት መጫር ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የውኃውን መጠን በሻማ ወይም በፋኖስ ብርሃን ለመመልከት አጎንብሰው ፊታቸው የተቃጠለ ሰዎች አሉ። አሲዱም ልብስ ይበላል፤ ሥጋ ያቃጥላል፤ ዐይን ያጠፋል። ቆዳን ወይም ዐይንን ከነካ ሳይዘገዩ በብዙ ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ዐይን ከሆነም ከታጠበ በኋላ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ረዳቱ ባትሪውን ፈትቶ ወደ ዕቃ ቤቱ ወስዶ ከወለሉ ላይ ሊያስቀምጠው ሲል ዘበኛው ከበር ላይ ጮኹ።

«ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጠው! ሲሚንቶ ኀይሉን ይመጠዋል!»

«እሺ አባቴ፤ ሣንቃ ላይ አደርገዋለሁ፤» አለ ረዳቱ በአክብሮት።

ዘበኛው የተናገሩት ከአንድ ትውልድ በላይ ሲነገር የኖረ ነገር ነው። በጥንት ጊዜ የባትሪ ሣጥን ከእንጨትና ከጎማ ስለሚሠራ እርጥበት ሲያገኘው ኤሌክትሪክ ያሾልክ ነበር፤ ወሬውም ከዚያ ሳይመጣ አልቀረም። ዛሬ ሣጥኑ የሚሠራው ከፕላስቲክ ስለሆነ ሲሚንቶ ምንም አያደርገውም። ይልቁንም የሣጥኑን ክዳን የሸፈነ እርጥብ ቆሻሻ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ኤሌክትሪክ ያሻግራልና በጨርቅ መወልወል አለበት። ሣንቃው ጉዳት ስለሌለው ሾፌሩ ከሽማግሌው ጋር አልተከራከረም።

ባትሪው ከመቀመጡ በፊት ሙሉ መሆን አለበት። ባዶ ባትሪ ቢለዩትም ባዶ ነው፤ ሰልፌቱም ከዚያው ይጠጥራል። የሙላቱን መጠን ለማወቅ መኪናው ከጠፋ ወይም ባትሪው ከመሙያው ከተነቀለ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በቮልት መለኪያ መለካት ይቻላል። 12.6 ቮልት ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.4 ሲሆን ሩቡ ጎድሏል፤ 12.2 ሲሆን ግማሹ። 12 ላይ ሲደርስ የቀረው ሩብ ያህል ስለሆነ ሳይውል ሳያድር መሞላት አለበት። ቁጥሮቹ ሲታዩ እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። «12 ቮልት ይላል፤ ባትሪውም የ12 ቮልት ነው፤ ስለዚህ ደኅና ነው» የሚል ሰው ስሕተት ላይ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የአሲዱን ውፍረት በሚለካው ሃይድሮሜትር በተባለው የብርጭቆ መሣሪያ መመርመርም ይቻላል። ሙሉ ባትሪ 1.26 ገደማ ያሳያል፤ ባዶው ወደ 1.12 ይወርዳል።

መብራት ባለበት ቦታ ባትሪው በየወሩ በመሙያ ቢሞላ ክረምቱን ያለ ችግር ያልፋል። አሞላሉ ዝግ ያለ መሆን አለበት። የተለመደው ልክ የባትሪው መጠን ዐሥረኛ እጅ ነው፤ ለ70 አምፔር ሰዓት ባትሪ 7 አምፔር፤ ከዚያ ቢያንስ ጊዜ ይወስዳል እንጂ አይጎዳም። የድሮው ዐይነት ተራ መሙያ ባትሪው ሲሞላ በራሱ ስለማያቋርጥ ተሰክቶ መረሳት የለበትም፤ ከተረሳ ውኃው ይፈላል፣ ሰሌዳዎቹም ይጎዳሉ። አዳዲሶቹ መሙያዎች ግን ባትሪው ሲሞላ ኀይላቸውን ወደ 13.5 ቮልት ገደማ ዝቅ አድርገው ይጠብቁታል፤ እነዚህን ለወራት ሰክቶ መተው ይቻላል። መብራት በሌለበት ቦታ ጥቂት ዋት ያለው የፀሐይ ኀይል ሰሌዳ ይህንኑ ይሠራል። ከባትሪውና ከሰሌዳው መካከል ግን መቆጣጠሪያ መግባት አለበት፤ መቆጣጠሪያው በቀን ከልክ በላይ እንዳይሞላ፣ በሌሊትም ኀይሉ ወደ ሰሌዳው እንዳይመለስ ይከላከላል።

ውኃው ከሰሌዳዎቹ በታች ከጎደለ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ነው። የቧንቧ ወይም የምንጭ ውኃ በውስጡ ያለው ማዕድን ሰሌዳዎቹን ይጎዳል። አሲድ መጨመርም ስሕተት ነው፤ ተንኖ የጎደለው ውኃው እንጂ አሲዱ አይደለምና። ክዳናቸው የማይከፈት ባትሪዎች ውኃ አያስፈልጋቸውም፤ መሞላት ግን እንደሌሎቹ ያስፈልጋቸዋል።

በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪናዎች ከዚህ ሁሉ ነጻ ናቸው ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖር ይሆናል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማ እየበዛ መጥቷል። እነዚህም መኪናዎች ጎማውን ከሚያዞረው ትልቅ ባትሪ ሌላ ለበር፣ ለመብራትና ለመቆጣጠሪያ የሚያገለግል ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው። ይህ ትንሹ ከወረደ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሣም።

ሾፌሩ ሐምሌ 1 ቀን ባትሪውን አስሞልቶ፣ ክዳኑን ወልውሎ፣ ከሣንቃው ላይ አስቀመጠው። ከግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጠፈና ዕለቱንና «12.7» የሚል ቁጥር ጻፈበት። ሐምሌ 30 ቀን ረዳቱ ለክቶ «12.6» ብሎ ከሥሩ ጻፈ። ነሐሴ 30 ቀን ቁጥሩ «12.5» ነበር። ነርሷ መድኃኒት ለመውሰድ ወደ ዕቃ ቤቱ በገባች ቁጥር ወረቀቱን ታነብ ነበር። መስከረም 3 ቀን ወንዙ ጎደለ። ሾፌሩ ባትሪውን አሠረ፤ አስቀድሞ የመደመሩን፣ ቀጥሎ የመቀነሱን። ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ።

የቃላት ፍች

ቃሬዛ — በሽተኛ ተኝቶበት በሰዎች ትከሻ የሚወሰድበት የእንጨት አልጋ
ሞተሪኖ — የመኪናን ሞተር በባትሪ ኀይል አዙሮ የሚያስነሣ መሣሪያ
ፍሪሲዮን — ሞተሩንና ማርሹን የሚያገናኝና የሚለያይ የመኪና ክፍል
ኮፈን — የመኪና ሞተር ክዳን
ዲናሞ — ሞተሩ ሲሠራ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ
ጎሕ ቀደደ — ሊነጋ ሲል ሰማዩ ማብራት ጀመረ
አሾለከ — በቀስታ እንዲያፈተልክ አደረገ

መልመጃ 1

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በጽሑፍ መልሱ።

1. ለአንድ ሌሊት የወረደ ባትሪና ለሁለት ወር ባዶውን የቆመ ባትሪ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. ነርሷና ሾፌሩ በዚያ ሌሊት አንድም ቃል ያልተለዋወጡት ለምን ይመስላችኋል? በሁለተኛው ዓመት ነርሷ ወረቀቱን ታነብ የነበረውስ ለምንድን ነው?
3. ሾፌሩ ስለ ሲሚንቶው እውነቱን እያወቀ ከዘበኛው ጋር ያልተከራከረው ትክክል ነው ትላላችሁ? አስተያየታችሁን ከነምክንያቱ ግለጹ።
4. አንድ መኪና ሳይነዳ በቆመበት ጊዜ 0.05 አምፔር ቢስብና ባትሪው 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ቢሆን፣ ባትሪው በራሱ የሚያጣውን ሳትቆጥሩ፣ በስንት ቀን ግማሹ እንደሚያልቅ አስሉ።

መልመጃ 2

«ሞላ» ከሚለው ግስ «ተሞላ»፣ «አስሞላ»፣ «አሟላ»፣ «ተሟላ» የሚሉ ግሶች ይወጣሉ። የእያንዳንዳቸውን የትርጉም ልዩነት የሚያሳይ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ። ከዚያም «ወረደ» ከሚለው ግስ በዚሁ ዐይነት የሚወጡትን ጻፉ።

መልመጃ 3

በአካባቢያችሁ ከሚገኝ ጋራዥ፣ ወፍጮ ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ የሚቆም አንድ ዕቃ እንዴት እንደሚጠበቅ ባለሙያውን ጠይቁ። የነገራችሁን ሦስት አንቀጽ ባለው ድርሰት አስፍሩ። ባለሙያው ከእናንተ በዕድሜ የሚበልጥ ከሆነ ጥያቄያችሁን በአንቱታ ማቅረብን አትርሱ።